አዴ ዘሀራና የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ

ጀማል ስልክ ሲደውል «ሃሎ» እስክለው አይጠብቅም፤ ወሬውን ከመሀሉ ነው የሚጀምረው። የዚያን ቀን ግን ዝም አለ። ጀማል ዝም ካለ ደግ ነገር እንደሌለ የብዙ ዓመት ወዳጅነታችን አስተምሮኛል።

«ሰይዶ» አለኝ ቆይቶ፣ «ኢና ሊላሂ በል። አዴ ዘሀራ አለፉ።»

ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ያደረግሁትን ብናገር ሰው ይስቅብኛል። ከኮምፒውተሬ አጠገብ ግማሽ የተጠጣ ሻይ ነበር፤ አንስቼ ወስጄ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። አዴ ዘሀራ ኮምፒውተር አጠገብ ሻይ ሲያዩ አይቆጡም ነበር። ብርጭቆውን አንስተው፣ እዚያው ባለቤቱ ፊት ቆመው፣ ራሳቸው ይጠጡታል። «እዚህ ክፍል የተገኘ ሻይ የኔ ነው» ይላሉ ሲጨርሱ፣ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ። እኔ ብቻ በአንድ ሴሚስተር ስንት ሻይ እንዳጠጣኋቸው አላህ ይወቀው።

ይህን ትዝ ብሎኝ ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ።

«አዴ» በኦሮምኛ ለሴት የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። ከሚሴ ላይ አማርኛ የሚናገረውም፣ ኦሮምኛ የሚናገረውም፣ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ የሚቀላቅለውም፣ ማለትም ከተማው በሙሉ፣ እንዲሁ ነበር የሚጠራቸው። ረጅም ቀጭን ሴት ነበሩ። መነጽራቸው በጥቁር ክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ ሲያነቡ ያደርጉታል፣ ሰው ሲዋሻቸው ደግሞ ያወልቁታል። ያለ መነጽር የሚያዩት ዓይን ከመነጽሩ ይልቅ ያስፈራ ነበር።

ከኮምፒውተሩ በፊት ታይፒስት ነበሩ። ወጣትነታቸውን በየመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪና ሲቀጠቅጡ ነው ያሳለፉት፤ ጣታቸው በዚያው ከብዶ ቀርቷል። ኮምፒውተር ላይ ሲጽፉ ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል። ኪቦርዱ ላይ ያሉት ፊደላት ሁሉ ተፍቀው አልቀው ነበር፤ እሳቸው ግን ፊደሉን ድሮም አያዩትም።

እኔ ጂኦግራፊ ለማስተማር ከደሴ ወደ ከሚሴ የተመደብኩት ሚሌኒየሙ በተከበረ ሰሞን ነው። ኮምፒውተሮቹ ከእኔ ጥቂት ቀደም ብለው መጥተዋል። ሃያ ነበሩ። መጥተው ግን ከካርቶን አልወጡም፤ ርዕሰ መምህሩ «ይበላሻሉ» ብለው ዕቃ ግምጃ ቤት አስቆልፈውባቸዋል። መቼም ካርቶን ውስጥ ያለ ነገር አይበላሽም፣ እውነታቸውን ነው። አዴ ዘሀራ ያን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነበሩ፤ ሳምንት በመጣ ቁጥር «እነዚያ እንግዶቻችን እንዴት ሰነበቱ?» እያሉ ርዕሰ መምህሩን ይጠይቃሉ። በመጨረሻ ሰውየው ሰለቻቸው።

«እንግዲያው እርስዎ ይያዟቸው!» አሉ። «አንድ ነገር ቢሆኑ ግን የምጠይቀው እርስዎን ነው!» ቁልፉም በዚህ ዓይነት እጃቸው ገባ።

ደሴ ወጥተው ሁለት ሳምንት ሠለጠኑና አንድ ደብተር ሙሉ ማስታወሻ ይዘው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ያ ክፍል ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለ ሌላ መንግሥት ሆነ። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የአቡጀዴ ልብስ ሰፉለት። የክፍሉን ደንብ በአማርኛም በኦሮምኛም ተይበው ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ቀትር ላይ የከሚሴ ሙቀት ሲበረታ ማሽኖቹ ያርፋሉ፤ ሚኒስትር ቢመጣም አይከፈትም። በር ላይ ደግሞ ጫማ ይወልቃል። የመጀመሪያ ቀን ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ስለነበር፣ ተማሪ ፊት ጫማዬን ማውለቅ ሞት መሰለኝ። በሩ ላይ ስቅለሰለስ አዩኝ።

«መምህር፣ ግባ» አሉኝ። «እኔ አቧራ ነው የምጠላው፣ ጣትህን አልቆጥርም።»

በሩ አጠገብ አንዲት ሙዳይ አለች። ፍላሽ ይዞ የመጣ ሁሉ እዚያ ያስቀምጣል፤ ሳይመረመር የሚገባ የለም። በዚያ ዘመን የወሎ ሰው ሆኖ ፍላሹ ላይ መንዙማ የሌለው አልነበረም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ከተማውን ይዞራል፣ ቫይረሱም አብሮ ይዞራል። አንድ የባዮሎጂ መምህር «ይሄ እኮ መንዙማ ነው፣ ምን ይፈተሻል!» ብሎ እሳቸው ሶላት ላይ ሳሉ ፍላሹን ሰካው። ሲመለሱ የግማሽ ዓመት ፈተናው ሁሉ ከማሽኑ ላይ ጠፍቷል።

«መንዙማው ምን አጠፋ?» አሉት። «አንተ ነህ ስንት ቤት ያሳደርከውን ፍላሽ እጁን ሳይታጠብ ማዕድ ያቀረብከው።» ከዚያ ሦስት ቀን ተቀምጠው የተደበቀውን ፋይል አንድ በአንድ አወጡለት። ሰውየው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ፍላሹን ከሩቅ እያሳየ ነበር የሚገባው።

እንዲህ ስል ጥብቅነታቸው እንዲያው አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጥብቅነታቸው ሥር ሌላ ነበር፤ እኔም የገባኝ ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ነው።

ሦስት ሽማግሌዎች ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ከዘራቸውን ይዘው የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ደረሱ። ጫማቸውን ሳይነገራቸው አወለቁ። እኔ አንዱ ጥግ የፈተና ጥያቄ እየጻፍኩ ነበር።

«አካም ጂርቱ፣ አዴ ዘሀራ?»

«ነጋ፣ አልሀምዱሊላህ። አረፍ በሉ አባቶቼ።»

አረፉ። ሰላምታው ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ ልጅ፣ ከብት፣ ዝናብ፣ ሁሉም ተጠየቀ። ከዚያ አንደኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የአንዲት ዘጠነኛ ክፍል ልጅ ስም ጠሩ። ለወንድሜ ልጅ ለትዳር አስበናት ነበር አሉ፤ ዕድሜዋ ስንት እንደሆነ፣ በትምህርቱም ጉብዝናዋ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ነው።

«እዚህ ሳጥን ውስጥ የሁሉም ልጅ ነገር አለ ብለውን ነው» አሉ ወደ ኮምፒውተሩ በከዘራቸው እያመለከቱ።

«አለ» አሉ አዴ ዘሀራ።

«በይ እንግዲህ ክፈችልን።»

አዴ ዘሀራ መነጽራቸውን አወለቁ። «አባቶቼ፣ ይሄ ማሽን የመጣው ለትምህርት ነው፤ ለኒካህ አልመጣም። የልጅቱ ነገር የልጅቱ ነው።»

«ለደግ ነገር እኮ ነው!»

«ለደግ ነገር ከሆነማ ምን ቸገረ፣ ራሷን ጠይቋት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ሳቁ። የእኔን ሻይ ጠጥተው ሄዱ፤ አዴ ዘሀራ ከጠረጴዛዬ አንስተው ነው የጋበዟቸው። በነጋታው ልጅቱን አስጠርተው «ስላንቺ የጠየቁ ሰዎች ነበሩ» አሏት። «ምንም አልነገርኳቸውም። መጠየቃቸውን ግን ከማንም በፊት አንቺ ማወቅ አለብሽ።»

ልጅቱ ከወጣች በኋላ ለምን ያስደነግጧታል አልኳቸው።

«መምህር፣ እኔ በዚህ ከተማ ስንት ደብዳቤ እንደተየብኩ ታውቃለህ?» አሉኝ። «የጎረቤቴን የስንብት ደብዳቤ ጠዋት ተይቤ ከሰዓት አብሬው ሰርግ ሄጃለሁ። ይጫወታል፣ ይበላል፤ እኔ አውቃለሁ፣ እሱ አያውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ጠልቻለሁ። ስለ ሰው የተጻፈን ነገር መጀመሪያ መስማት ያለበት የተጻፈበት ሰው ነው። ሌላው ይስማ አይስማ ከዚያ በኋላ ይታያል።»

በሁለተኛው ዓመት የተማሪ ውጤት በኮምፒውተር ይመዝገብ ተባለ። ከዞን የመጣ ባለሙያ ፕሮግራሙን ጭኖልን ሄደ፤ እያንዳንዱ መምህር በየስሙ የሚገባበት ፓስወርድ እንዲኖረው ተወሰነ። አዴ ዘሀራ ሰበሰቡንና ማንም ለማንም እንዳይሰጥ፣ ለእሳቸውም ጭምር እንዳይነገር፣ ይህንኑ በፊርማችን እንድናረጋግጥ ጠየቁን።

ቅሬታው ለጉድ ነበር። ከሚሴን ለማያውቅ ላስረዳ። እዚያ አገር አንድ ሰው እየበላህ በበርህ ካለፈ «ኮቱ!» ትላለህ፤ ና ብላ ማለት ነው። የማታውቀው ቢሆንም ትላለህ። ሳህንህን ሸፍነህ የበላህ ዕለት ስምህ ጠፋ። ታዲያ አንድ ቢሮ የሚውሉ፣ በአንድ ትሪ የሚበሉ ሰዎች ስድስት ፊደል ይደባበቁ ማለት ስድብ ሆነብን።

«ለሚስቴ የማልነግራት ነገር የለኝም» አለ ጀማል። «ለሷስ ልንገራት?»

«ለሷም አትነግራትም» አሉ አዴ ዘሀራ። «ሚስትህ የአሥረኛ ክፍል ውጤት ምን ታደርግላታለች?»

ፈረምን። በሳምንቱ ግማሹ መምህር የሌላውን ግማሽ ፓስወርድ ያውቅ ነበር።

ጀማልን እዚህ ላይ ላስተዋውቅ። የኦሮምኛ መምህር ነው፤ የጨፋ ሮቢት ልጅ፣ ሰውነቱ በር የሚሞላ፣ ልቡ ግን የተማሪ ድርሰት እያረመ የሚያለቅስ። ከሚሴ ስገባ ቤት የፈለገልኝ እሱ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር እናቱ ቤት ይወስደኛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሴሚስተር መዝጊያ፣ ውጤት የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ሰኞ ሲሆን፣ እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ ስመኘው የኖርኩትን የባቲን የሰኞ ገበያ የሚያሳየኝ ሰው ባገኘሁ ጊዜ፣ ማንን እንደምለምን አልቸገረኝም።

«አንተ ሂድ፣ እኔ አስገባልሃለሁ» አለኝ። «ማርክ ሊስቱን ስጠኝ። ፓስወርድህስ?»

ፊርማዬ ትዝ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ግን ቤት ፈልጎ የሰጠኝን ሰው «አልሰጥህም» የምልበት አፍ ከየት ላምጣ? እስክሪብቶ አውጥቼ መዳፉ ላይ ጻፍኩለት።

ባቲን አየሁ። ከአፋር ቆላ የወጣውን ሰው፣ ከደጋ የወረደውን ሰው፣ ፍየሉን፣ አሞሌውን፣ ጫጫታውን ጠገብኩ። ግመል ላይ ወጥቼ ፎቶ ተነሳሁ። ፎቶው ዛሬም አለኝ፤ ፊቴ ላይ ያለው ደስታ አንድ ነገር እንዳላጠፋ ሰው ነው።

አዴ ዘሀራ ለካ የታይፒስት ልማዳቸው አልለቀቃቸውም። ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባውን ውጤት ሁሉ አትመው፣ የወረቀቱን ማርክ ሊስት ከጎኑ አድርገው፣ ማስመሪያ እያንሸራተቱ መስመር በመስመር ያመሳክራሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ሐሙስ ጠዋት ከክፍል ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁኝና አንድ ወረቀት ዘረጉልኝ። ዘጠኝ መስመሮች በቀይ ተሰምሮባቸዋል። የእኔ ትምህርት፣ የእኔ ስም፣ ሰኞ።

«አርባ ስምንት ሃምሳ ሆኗል» አሉ በጣታቸው እያሳዩኝ። «አርባ ስድስት ሃምሳ ሆኗል። አርባ ዘጠኝም ሃምሳ። ጣት ሲስት እንዲህ አይስትም፣ መምህር። ጣት የሳተ እንደሆን አንዳንዴ ወደ ታችም ይስታል።»

ጀማል! አልኩ በሆዴ።

«ላጣራ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «አጣራ። ልዩነቱን ዛሬውኑ ለርዕሰ መምህሩ እናገራለሁ፤ ይሄ የልጆች ውጤት ነው፣ አይደበቅም። ስምህን ግን አልናገርም። እሱን አንተ ትናገራለህ።» ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

አልተናገርኩም። የዝውውር ጥያቄዬ ደሴ ሊፈቀድ ጫፍ ላይ ነበር፤ ፈርሜ የጣስኩት ደንብ ደግሞ ጥቁር ነጥብ ነው። ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ እያልኩ ነገን አሰለቸሁት።

አዴ ዘሀራ ግን እንዳሉት አደረጉ። ርዕሰ መምህሩ የሰሙት በክፉ ቀን ነው፤ የዞን ሰዎች አዲሱን አሠራር ሊጎበኙ ይመጣሉ ተብሎ ቢሮው ቀለም እየተቀባ ነበር። ማን ነው ያደረገው አሏቸው። «የሚመለከተው ሰው ራሱ እስኪመጣ ጊዜ ይስጡኝ» አሉ አዴ ዘሀራ። ያን ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ጮሁ አሉ። «ቁልፉ ያለው እርስዎ ዘንድ! ማሽኑ በእርስዎ እጅ! አንድ ነገር ቢሆን የምጠይቀው እርስዎን ነው ብዬ አልነበር?» ቁልፉን ተቀበሏቸው። ጉዳያቸው ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ተመራ፤ ወሬውም ከሥራ ይሰናበታሉ የሚል ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይግላል። በየቀኑ በሰዓታቸው ይመጣሉ። ሥራ የላቸውም፤ ኮሪደሩ ላይ ካለችው አሮጌ ወንበር ላይ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። መምህራኑ ያንሾካሹካሉ፤ ለዘመድ ልጆች ጨምረው ነው የሚል አለ፣ ታይፒስት ድሮም ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለች የሚል አለ። ሻያቸውን የተቀሙት ሁሉ ቂማቸውን አወጡ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሳልፍ ይጠሩኛል።

«መምህር ሰይድ! እንዴት አደርክ? እናትህ ደህና ናቸው?»

«አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው።»

«ሰላም በልልኝ።»

ከዚህ ሌላ አንድ ቃል የለም። ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት! ወረቀቱ ከቦርሳቸው ቢወጣ በደቂቃ ነፃ የሚያወጣቸው ሴትዮ፣ የእናቴን ጤና ይጠይቁኛል።

ስምንት ቀን እንዲህ አለፈ። ኮሚቴው በማግሥቱ ሊቀመጥ ሆነ። ፈቃድ ወስዶ ለማሽላ ውቂያ እናቱ ዘንድ የሰነበተውን ጀማልን ላገኝ ባጃጅ ይዤ ጨፋ ሮቢት ወረድኩ። ከወንድሞቹ ጋር አውድማ ላይ ማሽላ እየወቃ አገኘሁት፤ ላቡ ገለባ ለጥፎበታል።

«ሰይዶ! ኮቱ፣ ኮቱ፣ ምሳ ደርሷል!»

«ዘጠኙን ልጆች ምን አደረግሃቸው?» አልኩት።

ፊቱ በራ። ወላሂ በራ! «አየኸው እንዴ? ልነግርህ አልፈለግሁም ነበር፣ ሰደቃ ሲነገር አላህ ዘንድ ያለው አጅሩ ይቀንሳል። አርባ ስምንት ብዬ ልጽፍ እጄ እምቢ አለኝ። የልጅቱን አባት አውቀዋለሁ፣ ድሃ ነው። ሁለት ነጥብ ማንን ትጎዳለች? ከዚያ ለአንዷ አድርጌ ለሌላው ብተው ግፍ መሰለኝ። ከአርባ አምስት በላይ ያለውን ሁሉ አሻገርኩት። ላንተም ለኔም ሰደቃ ይሆነናል ብዬ።»

ልቆጣው አስቤ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይቆጡታል? የሆነውን ነገርኩት። አዴ ዘሀራ ቁልፋቸውን ተቀምተው ኮሪደር ላይ ተቀምጠዋል ስለው መንሹን ጣለው።

«በኔ? አዴ ዘሀራ በኔ?» አለ። «መቼ ነው ይሄ የሆነው?»

«ስምንት ቀኑ።»

«አንተ ስምንት ቀን ሙሉ ታውቅ ነበር?»

ጀማል በዕድሜው በቁጣ ያየኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ገለባውን እንኳ ሳያራግፍ፣ እናቱ «ምሳ! ምሳ!» እያሉ፣ ባጃጇ ውስጥ ገባ።

ኮሚቴው መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። መስማት የፈለገ መምህር ሁሉ ከኋላ ወንበር ይዟል። ሰብሳቢው አዴ ዘሀራን «ውጤቱን የለወጠው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁ።

«የማውቀው ነገር አለ» አሉ። «ግን የሚመለከተው ሰው በራሱ አፍ እስኪናገር እጠብቃለሁ።»

«ካልተናገረስ?»

«እንግዲያው እኔን እንደፈቀዳችሁ አድርጉ።»

ወደ እኔ አላዩም። ወደ እኔ ቢያዩ ኖሮ ምናልባት እንደገና እፈራ ነበር። ጀማል ከጎኔ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዤ አስቀመጥኩት፤ እንዴት እንደቻልኩ እንጃ፣ ያን የሚያህል ሰው። ተነሳሁ።

«ስሜ ነው» አልኩ። «ፓስወርዴን አሳልፌ ሰጥቻለሁ። ሰኞ ከተማ ውስጥም አልነበርኩም፣ ባቲ ነበርኩ። አዴ ዘሀራ ሐሙስ ነግረውኛል፤ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

ከዚያ ጀማል ተነሳና የራሱን ተናገረ፣ ስለ ሰደቃው ሳይቀር። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ርዕሰ መምህሩ ግን አልሳቁም። ሁለታችንም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰን፣ የእኔም ዝውውር ቀረ። ዘጠኙ ልጆች ለየብቻቸው ተጠርተው እውነተኛ ውጤታቸው ተነገራቸው፤ ጀማል እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከሰዓት ከሰዓት ሲያስጠናቸው ከረመ። ደብዳቤዬን የተየቡት አዴ ዘሀራ ናቸው፤ ሌላ ታይፒስት አልነበረንም። አንድ የፊደል ግድፈት አልነበረበትም። በፖስታ አሽገው እጄ ላይ ሰጡኝ፤ ምን እንደሚል ከእሳቸው አፍ የሰማ ሰው የለም።

ቁልፉ በተመለሰላቸው ማግሥት ጠሩኝ። ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ፤ ከማሽኖቹ ልብስ ላይ የሰነበተውን አቧራ ያራግፋሉ። ይቅርታ ልጠይቅ ስንት ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። የመጣልኝ ጥያቄ ነው።

«ለምን ወረቀቱን አላወጡትም? ስሜ እኮ ነበረበት።»

«ስምህማ ነበረበት» አሉ ልብሱን እያጠፉ። «ማን እንደጻፈው ግን አልነበረበትም። ማሽኑ የገባበትን ስም ነው የሚያውቀው፣ የሰውየውን እጅ አያይም። ወረቀቱን ባወጣው ያንተ ጥፋት ነው ብለው ያባርሩህ ነበር። አንተ ደግሞ አልነካኸውም።»

«ያን ጊዜ ይህን አያውቁም ነበር።»

«አላውቅም ነበር» አሉ። «ስለማላውቅ ነው ያላወጣሁት።»

እንዲህ ብለው እንደ ቀላል ነገር ወደ ሌላው ማሽን ዞሩ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሴትዮዋ ሥራቸውን፣ ስማቸውን፣ የልጆቻቸውን እንጀራ አስይዘው የጠበቁኝ እኔ ባልሠራሁት ነገር እንዳልጠየቅ ነበር። ያው ነገር እሳቸው ላይ ሲደርስ ደግሞ እኔ ስምንት ቀን ቆሜ አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ሰው አክብሬ አላውቅም።

«ና ቁጭ በል» አሉኝ አንድ ኮምፒውተር ከፍተው። «የድሮው ፓስወርድ ተሰርዟል። አዲስ ታወጣለህ።»

ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ይቆማሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ እኔ ብሆን እቆም ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ማን አምኖ ይተወዋል? አዴ ዘሀራ ግን መነጽራቸውን አወለቁና ወደ መስኮቱ ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጡኝ። ወደ ቦርከና ወንዝ በኩል እያዩ እጃቸውን ኋላቸው አጣምረው ቆሙ።

ጣቶቼን ኪቦርዱ ላይ አደረግሁ። ፊደላቱ ድሮውንም ግማሾቹ ተፍቀዋል፤ የቀሩትም አልታይ አሉኝ፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

«ጨረስክ፣ መምህር?» አሉ ሳይዞሩ።

«ገና ነኝ» አልኳቸው።

«አይዞህ፣ ጊዜ አለን» አሉና ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ቆዩ።